ያልተመዘነ ጥጃ ክብደት አይጻፍለት፦ ስለ ሸኮ ጥጆች የልደት ክብደት ምዝገባ

ጥያቄ፦ «በሸኮ ወረዳ የምንኖር ከብት አርቢዎች ተደራጅተን የሸኮን ዝርያ ሳይደባለቅ ለማቆየት እየሠራን ነው። ላለፉት ሁለት ዓመታት የተወለዱ ጥጆችን ክብደት በደብተር እየጻፍን ቆይተናል። ባለ ሞላ ተንጠልጣይ ሚዛን አለን፤ ሌሊት ወይም ጫካ ውስጥ የተወለዱትን ግን በዓይን ገምተን ነው የምንጽፈው። እስከ አሁን የ33 ጥጆች ክብደት ይዘናል፤ 16ቱ የተመዘኑ፣ 17ቱ የተገመቱ ናቸው። ከተመዘኑት መካከል ከአንደኛው ኮርማ የተወለዱት 7 ጥጆች ከሌላኛው ከተወለዱት 9 ጥጆች በአማካይ በ1.8 ኪሎ ግራም ይበልጣሉ። ይህን ኮርማ ብቻ አስቀርተን ሌላውን ብንሸጠው ይሻላል? የግምቱስ ነገር እንዴት ይታያል?»

ምላሽ፦ ጥያቄዎን ከደብተሩ ገጾች ፎቶ ጋር ስላደረሱኝ ከልብ አመሰግናለሁ። አስቀድሜ የጥያቄዎን ፍሬ ነገር ልመልስና ወደ ምክንያቱ ከዚያ በኋላ እገባለሁ። ሁለተኛውን ኮርማ አይሽጡት፤ 17ቱን የግምት ቁጥሮች ደግሞ ከክብደቱ ዓምድ ያውጧቸው። ሁለቱም ምክሮች የሚነሡት ከአንድ ነገር ነው፤ ሸኮ በቁጥርም በቁመናም አነስተኛ የሆነ ዝርያ ስለሆነ በትልቅ መንጋና በትልቅ ጥጃ ላይ ሳይታወቅ የሚያልፍ ስህተት እዚህ ላይ ውሳኔ እስከማሳሳት ይደርሳል።

ቁመናውን በተመለከተ ነገሩን በቁጥር ማየት ይቻላል። የሆልስታይን ፍሪዢያን ጥጃ ሲወለድ ወደ 40 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ከአገራችን ዝርያዎች የቦረና ጥጃ ከ23 እስከ 25፣ የፎገራ 21 ወይም 22፣ የሆሮ ደግሞ ወደ 18 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው። በእናንተ ደብተር የተመዘኑት 16 ጥጆች አማካይ ወደ 17 ኪሎ ግራም ይመጣል። ሚዛን ያዡ አንድ ኪሎ ግራም ቢሳሳት በፍሪዢያኑ ጥጃ ላይ ስህተቱ ሁለት ከግማሽ በመቶ ብቻ ሲሆን በእናንተ ጥጃ ላይ ግን ወደ ስድስት በመቶ ይጠጋል። የወንድና የሴት ጥጃ የክብደት ልዩነት ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 8 በመቶ ስለሚሆን፣ አንድ ኪሎ ግራም የሚስት አመዛዘን ወንዱን ከሴቷ መለየት የማይችል አመዛዘን ነው ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የልደት ክብደት የምትመዘግቡት ለምን እንደሆነ መግባባት ይኖርብናል። ሸኮ ሻኛው እጅግ ትንሽ የሆነ ወይም ጨርሶ የሌለው፣ ብዙውን ጊዜ ቀንደ አጭር ወይም ጎዳ (ቀንድ የሌለው) የሆነ ከብት ነው፤ በምሥራቅ አፍሪካ ከጥንቶቹ ሻኛ አልባ ከብቶች የተረፈ የመጨረሻው ርዝራዥ እንደሆነ ይታመናል። በጊቤ ሸለቆ አቢጋርን፣ ጉራጌን፣ ሆሮንና ሸኮን ጎን ለጎን ይዞ ገንዲን (በቆላ ዝንብ የሚተላለፈውን የከብት በሽታ) የመቋቋም አቅማቸውን ባነጻጸረው ጥናት ከአራቱ ብልጫ ያሳየው ሸኮ ነበር። ዝርያውን ለመጥፋት ያጋለጠውም ከማንኛውም በላይ ከአጎራባች አካባቢዎች ከሚመጡ ሻኛም ከብቶች ጋር መደባለቁ ነው። ስለዚህ እናንተ ይህን ከብት የምታቆዩት ጥጃው ከባድ ስለሆነ አይደለም። የልደት ክብደት የሚመዘገበው ከእናቲቱ አቅም በላይ የሆነ ጥጃ መምጣት መጀመሩን፣ ወይም በሕይወት ለመቆየት የማይበቃ ቀጭን ጥጃ መብዛቱን በጊዜ ለማወቅ፣ ኋላ ላይም የጥጃውን ዕድገት ከትክክለኛ መነሻ ለመቁጠር ነው። በብዙ ከብቶች ላይ እንደታየው ጥጃው የእናቱን ክብደት ከ6 እስከ 8 በመቶ ያህል ሆኖ ይወለዳል፤ ከዚህ እጅግ ሲያልፍ ምጡ ይከብዳል፣ እጅግ ሲያንስ ደግሞ ጥጃው ቆሞ ለመጥባት አቅም ያጣል። «ከበድ ያለው ይሻላል» የሚለው አስተሳሰብ ከትልልቆቹ የሥጋ ከብቶች ዓለም የመጣ ነው፤ እዚያም ቢሆን የልደት ክብደት እንዲጨምር የሚፈልግ አርቢ ዛሬ ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ግምቱ ልምጣ። ከ17ቱ የግምት ቁጥሮች 11ዱ «18»፣ አራቱ «20»፣ ሁለቱ «15» ናቸው። የተመዘኑት 16 ጥጆች ግን 12.8፣ 14.6፣ 17.2፣ 19.4፣ 21.0 እያሉ ተበታትነው ነው የሚገኙት። ይህ የገማቾቹ ስንፍና አይደለም፤ የማንኛችንም ዓይን እንዲህ ነው። ዓይን ጥጃን «ደህና ነው»፣ «ትልቅ ነው»፣ «ትንሽ ነው» ብሎ በሦስት ይከፍላል፣ እጅ ደግሞ ለሦስቱ ሦስት ቁጥር ይሰጣል። ለዘር ምርጫ የሚፈለገው ግን በጥጆቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ግምት ልዩነቱን አጥፍቶ አማካዩን ብቻ ያስቀራል፣ እሱንም አጣሞ። ገማቹ የትኛው ጥጃ የየትኛው ኮርማ እንደሆነ የሚያውቅ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ የጥጃው መሆኑ ቀርቶ ሰውዬው ስለ ኮርማው ያለው አስተያየት ይሆናል።

ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት በአንድ የከብት እርባታ ጣቢያ የብዙ ዓመታት የልደት መዝገብ ተሰጥቶኝ ነበር። መዝገቡ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ የተሞላ፣ አንድም ክፍት ቦታ የሌለው ነበር። ደስ ብሎኝ ቁጥሮቹን ወደ ኮምፒውተር ካስገባሁ በኋላ ግን ከአንድ ገጽ ጀምሮ ያሉት ክብደቶች በሙሉ 20፣ 22 ወይም 25 ብቻ መሆናቸውን አየሁ። ከብቶቹን የሚጠብቁትን አባት ስጠይቃቸው «ሚዛኑ እኮ ከተሰበረ ሦስት ዓመት አለፈው» አሉኝ። መዝገብ ያዡ ክፍት ቦታ ትቶ ከመጠየቅ ቁጥር ጽፎ ማለፍን መርጧል። የሦስት ዓመት ጥጆች በዚህ ምክንያት ከጥናቱ ወጡ፤ ሚዛኑ የተሰበረበትን ቀን በትክክል የሚያስታውስ ስላልነበረም ከዚያ በፊት ያሉትን ገጾች እንኳ በሙሉ ልብ ማመን አልቻልኩም። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ያልተመዘነ ጥጃ ክብደት አይጻፍለት እያልኩ አጥብቄ የምናገረውም ስለዚህ ነው። በእናንተ ዘንድ ደግ የሆነው ነገር የተመዘነውንና የተገመተውን ዛሬም ለይታችሁ ማወቃችሁ ነው። የግምት ቁጥሮቹን አትፋቋቸው፤ ከጎን ሌላ ዓምድ ክፈቱና «ግምት» ብላችሁ ወደዚያ አዛውሯቸው። የጥጃው ልደት፣ እናቱ፣ ፆታው እውነት ስለሆነ በቦታው ይቆያል፤ ክብደቱ ብቻ ክፍት ይሆናል።

ይሁን እንጂ ክፍት ቦታውም የራሱ ጣጣ አለው። ጫካ የሚወልዱት ላሞች እንደ ሌሎቹ ላይሆኑ ይችላሉ፤ ምናልባት ጊደሮች ናቸው፣ ምናልባት የአንድ አባወራ ላሞች ብቻ ናቸው። የእነዚህ ጥጆች ክብደት ሁልጊዜ የሚጎድል ከሆነ የቀረው አማካይ የመንጋው አማካይ አይሆንም። መፍትሔው ዘግይቶም ቢሆን መመዘን ነው። ጥጃው በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ከተመዘነ የልደት ክብደት ተብሎ ይጻፋል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ከተገኘም ይመዘን፣ ነገር ግን ከክብደቱ ጎን ስንት ሰዓት እንዳለፈው ይጻፍ። እንዲህ ያለውን ቁጥር ኋላ ላይ የሚያሰላው ሰው ሊጠቀምበትም ሊተወውም ይችላል፤ ሰዓቱ ካልተጻፈ ግን ይህ ምርጫ አይኖረውም።

ስለ አመዛዘኑ ጥቂት ዝርዝር ልጨምር፤ አብዛኛው ስህተት የሚገባው እዚህ ላይ ነውና። ባለ ሞላ ሚዛን ከጊዜ ብዛት ሞላው ይላላል። በየወሩ መፈተሽ አለበት፤ ለዚህም የላብራቶሪ ሚዛን ድንጋይ አያስፈልግም። ባዶ ጀሪካን ሰቅላችሁ ያነበባችሁትን ጻፉ፣ ከዚያ በትክክል የተለካ 10 ሊትር ውሃ ጨምሩበትና እንደገና አንብቡ፤ በሁለቱ ንባቦች መካከል ያለው ልዩነት 10 ኪሎ ግራም መሆን አለበት። ሌላ 5 ሊትር ስትጨምሩ ደግሞ 15 መሆን አለበት፤ ጥጆቻችሁ የሚያርፉት በዚያ አካባቢ ስለሆነ ሚዛኑ እዚያ ላይ እውነተኛ መሆኑ ነው ትልቁ ነገር። የተነበበው ከሚጠበቀው ከ200 ግራም በላይ ከራቀ ቀኑንና የተገኘውን ቁጥር በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ መዝግቡና ሚዛኑን አስጠግኑ ወይም ቀይሩ። ከጥገና በኋላም ቢሆን ያው ፈተና ይደገም።

ጥጃው የሚንጠለጠልበት ጆንያም እንዲሁ ነው። አንድ ማለዳ ከአርቢዎች ጋር ሆኜ ገና በምላስ ተጠርጎ ያላለቀ ጥጃ ስንመዝን 18.3 አነበብን፤ የጆንያውን 0.6 ቀንሰን 17.7 ጻፍን። ጥጃውን አውርደን ጆንያውን ደግሞ ብቻውን ስንሰቅለው 1.2 ሆኖ ተገኘ። በሽርት ውሃና በጤዛ ርሶ ክብደቱ እጥፍ ሆኗል። የጥጃው እውነተኛ ክብደት 17.1 ነበር ማለት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ጆንያው ጥጃው ከወረደ በኋላ በየጊዜው ብቻውን እንዲመዘን አደርጋለሁ፤ በደብተሩም ሦስት ቁጥር ይጻፋል፦ ጥጃው ከነጆንያው፣ ጆንያው ብቻውን፣ የተጣራው። ቅነሳውን በጭንቅላት ሠርቶ ውጤቱን ብቻ መጻፍ ስህተቱን ለማረም የሚያስችለውን መንገድ ይዘጋል።

ጥጃው እንገር ከመጥባቱ በፊት መመዘን አለበት የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። እናቲቱ ልጇን ልሳ ሳትጨርስ መለያየት ሁለቱንም ይጎዳል፤ በሽታ ተከላካዩ የእንገር ይዘት ደግሞ ወደ ጥጃው ደም በሚገባ የሚያልፈው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፣ ቀን ካለፈው በኋላ በሩ ይዘጋል። ጥጃው ይቁም፣ ይጥባ፣ ከዚያ ይመዘን። አንድ ጊዜ የጠባው እንገር ግማሽ ኪሎ ግራም ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ስለሚችል ግን «ጠብቷል» ወይም «አልጠባም» የሚል ምልክት ከክብደቱ አጠገብ ይግባ። ሚዛኑ በተሰቀለበት በዚያው ቅጽበት እትብቱ በአዮዲን ይነከር፣ የጆሮ ቁጥሩም ይሰካ፤ ጥጃው ሦስት ጊዜ ከሚያዝ አንድ ጊዜ ቢያዝ ይሻላል። እናቲቱ ልጇን ከምታይበት ርቀት ላይ ትታሰር፣ ገመዱን የሚይዘውም የምታውቀው ሰው ይሁን። የሸኮ ከብት ቁመናው ቢያንስም ቁጡ ነው፤ ይህን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ።

ሚዛን በማይደረስበት ቦታ በሰኮና ላይ የሚጠመጠም ሜትር መጠቀም ይቻል እንደሆነ በማስታወሻዎ ጠይቀዋል። ሜትሩ ሰኮናው ከጠጉሩ በሚገናኝበት ላይ የፊት እግርን ዙሪያ ይለካል፤ በላዩ ላይ ግን ከሴንቲ ሜትር ይልቅ የታተመው ክብደት ነው፤ ያ ክብደት ደግሞ የተሰላው በትልልቅ ዝርያዎች ጥጆች ላይ ነው። ስለዚህ የታተመውን ክብደት አትጻፉ። ተራ የልብስ ሰፊ ሜትር ውሰዱና የምትመዝኗቸውን ጥጆች ሁሉ በተጨማሪ በሴንቲ ሜትር ለኩ፤ ሠላሳ አርባ ጥጃ በሁለቱም መንገድ ከተለካ በኋላ ለሸኮ የሚሆን የራሳችሁ ሠንጠረዥ ይወጣል። ያኔም ቢሆን በሜትር የተገኘው ክብደት «ሜ»፣ በሚዛን የተገኘው «ሚ» የሚል ምልክት ይኑረው፤ ሁለቱ እኩል የሚታመኑ አይደሉም።

ከክብደቱ ጋር የሚጻፉትን በተመለከተ ፆታ፣ የእናቲቱ መለያና ስንተኛ ልጇ መሆኑ፣ መንታ ከሆነ መንታ መሆኑ፣ ምጡ ያለ እርዳታ መሆኑ ወይም በስንት ሰው እንደተሳበ በእናንተ ደብተር በሚገባ ተይዘዋል፤ በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም። ሁለት ነገር ግን ይጎድላል። አንደኛው ሞተው የተወለዱት ናቸው። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ሞቶ የተወለደ ጥጃ በደብተሩ የለም፤ ይህ ያልሆነ ሳይሆን ያልተጻፈ ይመስለኛል። ሞቶ የተወለደ ጥጃ እጅግ ከባድ ሆኖ በምጥ የታፈነ ወይም እጅግ ቀሎ ያልበሰለ ሊሆን ይችላል፤ የምንፈራቸው ሁለቱ ጫፎች ከመዝገብ ከወጡ መዝገቡ የሚነግረን ስለ ደህናዎቹ ብቻ ይሆናል። ይመዘን፣ መልኩም ይገለጽ። በአየርላንድ የሚገኘው ዴክስተር የተባለው አነስተኛ ዝርያ እግረ አጭርነቱ በከፊል የሚመጣው ከአንድ የዘር እንከን ነው፤ ጥጃው እንከኑን ከአባትም ከእናትም ሲወርስ ቅርጹ ተበላሽቶ ሞቶ ይወለዳል ወይም ይጨነግፋል። እዚያ አርቢዎች ችግሩን የተገነዘቡት ከላቦራቶሪ ምርመራ ብዙ ዘመን ቀድሞ እንዲህ ያሉ ጥጆችን ልብ ብለው ስላዩ ነው። ሸኮ ይህ እንከን አለበት እያልኩ አይደለም፤ ቁጥሩ ባነሰና ዘመድ ከዘመድ በሚገናኝበት መንጋ ግን ድብቅ እንከን የሚገለጠው በሞቱት ላይ ነው።

ሁለተኛው አባት ነው። በጋራ ግጦሽ ላይ ላሟን የትኛው ኮርማ እንዳጠቃት (እንደተገናኛት) ሳይታይ «የቀዩ ይመስላል» ተብሎ የተጻፈ አባት እንደተገመተ ክብደት ያለ ነው። ያልታየው «አልታወቀም» ተብሎ ይጻፍ። ከጥጃው ጅራት ጫፍ ከነሥሩ የተነቀለ ጥቂት ጠጉር በደረቅ የወረቀት ፖስታ አድርጋችሁ የጆሮ ቁጥሩን ጽፋችሁበት ብታስቀምጡ አንድ ቀን በዘር ምርመራ አባቱን ማወቅ ይቻላል።

ስለ ቀኑ አንድ ነገር ላሳስብ፤ ትንሽ ይመስላል፣ ነገር ግን ብዙ መዝገብ ያበላሸ ነው። ደብተሩ በእኛ ዘመን አቆጣጠር ተጽፏል፣ እንዲሁም ይሁን። ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ግን «30/2» ተብሎ የተጻፈውን ጥቅምት 30 ኮምፒውተሩ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 30 አድርጎ ስለሚያየውና ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው አይቀበለውም፤ «12/6» የተባለውን የካቲት 12 ደግሞ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ጁን 12 አድርጎ ያነበዋል። በጳጉሜን የተወለዱት ጨርሶ ቦታ ያጣሉ። ስለዚህ የወሩ ስም በፊደል ይጻፍ፣ ቀን፣ ወርና ዓመትም በሦስት የተለያዩ ዓምዶች ይግቡ። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ብላችሁ ጻፉ እንጂ ከስልክ ላይ «2፡00»ን አትገልብጡ፤ ሁለቱ በአንድ ደብተር ከተቀላቀሉ ጥጃው ስንት ሰዓት ቆይቶ እንደተመዘነ ማወቅ አይቻልም።

አሁን ወደ ሁለቱ ኮርሞች እንመለስ። ከደብተሩ እንደቆጠርኩት ክብደት በዝቶባቸዋል ከተባሉት 7 ጥጆች 5ቱ ወንዶች ናቸው፤ ከሌሎቹ 9 ወንዶቹ 3 ብቻ ናቸው። ደግሞም ከ9ኙ 4ቱ የመጀመሪያ ልጆች ሲሆኑ ከ7ቱ አንድም የመጀመሪያ ልጅ የለም። ወንድ ጥጃ ከሴቷ፣ በተደጋጋሚ የወለደች ላም ልጅም ከጊደር ልጅ ይከብዳል። ስለዚህ ኮርማዎቹ ከመነጻጸራቸው በፊት ጥጆቹ ወደ አንድ መስፈርት መምጣት አለባቸው።

እዚህ ላይ ከውጭ የተቀዳ ሠንጠረዥ እንዳትጠቀሙ እለምናችኋለሁ። የአሜሪካ የሥጋ ከብት ማሻሻያ ፌዴሬሽን የሚያቀርበው መደበኛ ማስተካከያ ለ2 ዓመት እናት ልጅ 8 ፓውንድ፣ ማለትም 3.6 ኪሎ ግራም፣ ለ3 ዓመት 2.3፣ ለ4 ዓመት 0.9 ኪሎ ግራም ይጨምራል፤ ከ5 እስከ 10 ዓመት ላለችው ምንም አይጨመርም። 36 ኪሎ ግራም በሚመዝን ጥጃ ላይ 3.6 አንድ አሥረኛ ነው፤ በ17 ኪሎ ግራም ጥጃ ላይ ግን ከአንድ አምስተኛ ይበልጣል። ከዚህም ሌላ የአገራችን ጊደሮች የመጀመሪያ ልጃቸውን የሚወልዱት ብዙውን ጊዜ 4 ዓመት ሞልቷቸው ወይም አልፏቸው ነው። በዕድሜ የተሠራው ሠንጠረዥ የ4 ዓመቷን እናት ሦስተኛ ልጇን የወለደች አድርጎ ስለሚቆጥራት ለጊደር ልጅ የሚገባውን ሳይሰጥ ያልፋል። ለእናንተ የሚሆነው በዕድሜ ሳይሆን በወሊድ ተራ፣ በኪሎ ግራም ሳይሆን በመቶኛ የሚሠራ ማስተካከያ ነው። ውሎ አድሮ ከራሳችሁ መዝገብ ታወጡታላችሁ፤ ለጊዜው ግን ለፆታ 7 በመቶ፣ ማለትም 1.2 ኪሎ ግራም፣ ለመጀመሪያ ልጅ 9 በመቶ፣ ማለትም 1.5 ኪሎ ግራም ብለን እንያዝ።

ሒሳቡ እንዲህ ይሄዳል። በአንደኛው ኮርማ ልጆች ውስጥ የወንዶቹ ድርሻ 71 በመቶ፣ በሁለተኛው 33 በመቶ ነው፤ የ38 በመቶው ልዩነት በ1.2 ሲባዛ 0.46 ኪሎ ግራም ይሰጣል። በሁለተኛው ኮርማ ልጆች የመጀመሪያ ልጆች ድርሻ 44 በመቶ ስለሆነ በ1.5 ሲባዛ 0.67 ይሆናል። ከ1.8ቱ ላይ 1.1 የሚሆነው በዚህ ተገለጸ፤ ለኮርማው ሊሰጥ የሚችለው የቀረው 0.7 ኪሎ ግራም ነው። የእናንተ ጥጆች በአማካዩ ዙሪያ በሁለት ኪሎ ተኩል ያህል ስለሚለያዩ፣ 7 እና 9 ጥጆች ሲነጻጸሩ ኮርሞቹ ፍጹም እኩል ቢሆኑ እንኳ በአጋጣሚ ብቻ እስከ 2.5 ኪሎ ግራም ልዩነት ቢታይ አያስገርምም። 0.7 ከዚህ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም። በብዙ ዝርያዎች ላይ የልደት ክብደት ተወራሽነት (በጥጆች መካከል ካለው ልዩነት ከዘር የሚመጣው ድርሻ) ወደ 0.3 አካባቢ ነው፤ በዚህ ልክና በ7 ጥጃ ማስረጃ ከ0.7ቱ ውስጥ በሚቀጥሉት ልጆቹ ላይ ይደገማል ብዬ የምጠብቀው ሩብ ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ነው። ለሩብ ኪሎ ግራም ሲባል ከሁለት ኮርማ አንዱን መሸጥ የሚቀጥለውን ትውልድ በሙሉ የአንድ አባት ልጅ ማድረግ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው የዘመዳሞች መገናኘት የሚያስከትለውን ጉዳት የትኛውም የልደት ክብደት አያካክሰውም።

ከዚህ የባሰ የሚያሰጋኝ ሌላ ነገር ነው። የቀረው 0.7 ኪሎ ግራም እውነተኛ ሆኖ ቢገኝስ ከየት መጣ? ሸኮ በመደባለቅ ላይ ያለ ዝርያ ነው፤ ከሻኛም ከብት ደም የገባበት ኮርማ ልጆቹ ከበድ ብለው ቢወለዱ የሚጠበቅ ነው። ከባዱን እየመረጣችሁ ብትሄዱ በደብተራችሁ ላይ «ዕድገት» እየተጻፈ በበረታችሁ ውስጥ ግን ልታድኑት የተነሣችሁት ዝርያ እየሟሟ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ የሁለቱንም ኮርሞች ትከሻ በጎን ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልኝ፤ ሻኛቸውን፣ የቀንዳቸውን ርዝመትና ከአንገታቸው ሥር የሚንጠለጠለውን ቆዳ አብሬያችሁ ማየት እፈልጋለሁ። አንደኛው ኮርማ ከማን ቤት እንደመጣና እናቱን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ካሉም ጠይቁልኝ።

ለሚቀጥለው የማጥቂያ ወቅት ላሞቹን ለሁለት ከፍላችሁ ለሁለቱ ኮርሞች ስጡ፤ ጊደሮቹ በሁለቱም በኩል እኩል ይሁኑ፣ አንድ አባወራ ያለው ከብት በሙሉ ወደ አንድ ኮርማ አይሂድ፤ አለበለዚያ የኮርማውን ሥራ ከቤቱ አያያዝ መለየት አይቻልም። አምና ከአንደኛው የወለዱ ጥቂት ላሞች ዘንድሮ ለሁለተኛው ቢሰጡ ደግሞ በአንዲት እናት ላይ ሁለቱን አባቶች ማየት ይቻላል፤ በትንሽ መንጋ ከዚህ የተሻለ ማነጻጸሪያ አላውቅም። እያንዳንዱ ኮርማ 20 ወይም 25 የተመዘኑ ጥጆች ሲኖሩት ጥያቄውን እንደገና አንሡት፤ እስከዚያው ሁለቱም በበረቱ ይቆዩ።